«አልደረሰም» የሚለውን መልእክት ዝም ላሰኙልን ለክቡር ዳይሬክተራችን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ዜሮው ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ከምድር ቤቱ ተነሥቶ፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ መጋረጃው ወደማይገለጠው ቢሮዎ በሰላም ይድረስ እያልኩ፣ ጤንነትዎ እንደምን እንደሆነ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። በአካል መጥቼ እንዳልጠይቅ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ካለችኝ ወዲህ ስብሰባው አላለቀም፤ እንዲህ ረጅም ስብሰባ የሚችል ወገብ የሰጠዎ አምላክ ይመስገን። እኛ ከታች ያለነው፣ ማለትም እኔና ሰርቨሮቹ፣ ማቀዝቀዣው እስከሠራ ድረስ ደህና ነን። ባለቤቴም ደህና ነው። ከላቦራቶሪ ሥራው ታግዶ እቤት ስለዋለ የበረንዳውን በር አስተካክሎ፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አጥብቆ፣ አሁን የሚጠገን ነገር ፍለጋ ቤቱን እየዞረ ነው። ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተቀምጦ ወደ ሥራው ይመልሰዋል ወይም የሙያ ፈቃዱን አስነጥቆ ዳግመኛ ማንም ላቦራቶሪ ደጅ እንዳይደርስ ያደርገዋል። ይህን እርስዎ ከእኔ በፊት ስለሚያውቁት አላስረዝመውም።

በ«እርስዎ» መጻፌ ቅር እንዳያሰኝዎ አደራ። አንድ ጠረጴዛ ለሁለት ስንጋራ፣ ምሳችንን ከአንድ ሳህን ስንበላ፣ «አንተ» እና «አንቺ» ተባብለን ነው የኖርነው። ስንጋባም የባለቤቴ አንደኛ ሚዜ እርስዎ ነበሩ፤ ልጃችንም «አጎቴ» ከማለት ሌላ መጠሪያዎን አያውቅም። ይሁን እንጂ የደብዳቤ ወግ ወግ ነው። «አንተ» እለው የነበረው ሰው ደግሞ ወዴት እንደሄደ ያስታወቀኝ ስለሌለ፣ ለጊዜው ለእርስዎ መጻፉ ይሻላል ብዬ ነው።

ደብዳቤው ግልጽ እንደመሆኑ ነርሶችም፣ ሾፌሮችም፣ ጽዳት ሠራተኞችም ያነቡታልና ስለ ሥራዬ ጥቂት ልበል። ምድር ቤት ያሉት ሰርቨሮች የምርመራ ውጤትና የመድኃኒት ትእዛዝ ብቻ አይደለም የሚላላኩት። ስለ መንገዱ ብቻ የሚነጋገሩባቸው አጫጭር መልእክቶችም አሏቸው፤ የመቆጣጠሪያ መልእክት እንላቸዋለን። አንዱ «አለህ ወይ?» ይላል፣ ሌላው «አለሁ» ብሎ ይመልሳል። የተላከ ነገር አድራሻው ጠፍቶ መንገድ ላይ ከቀረ ደግሞ፣ መንገድ ላይ ያለው ማሽን ለላኪው «አልደረሰም» ብሎ ይነግረዋል። እያንዳንዱ ሰርቨር እነዚህን መልእክቶች በየዓይነቱ ይቆጥራል፤ እኔ ቆጠራውን እከታተላለሁ። የ«አልደረሰም» ቁጥር ከፍ ካለ፣ ከዚህ ሕንፃ ውስጥ አንድ ሰው የላከው ነገር ተቀባዩ ዘንድ አልገባም ማለት ነውና ተነሥቼ እፈልገዋለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት።

የክፍላችንን ሥርዓት ያወጡትም እርስዎ ነበሩ። ጠዋት በሩን የከፈተ ሰው፣ ለሥራ ጓደኛው «ደህና አደርክ?» ከማለቱ በፊት፣ ማሽኖቹን «አላችሁ ወይ?» ብሎ ጠይቆ፣ የሌሊቱን «አልደረሰም» ጮክ ብሎ ማንበብ ነበረበት። ኬብል ዘርጊያችን «ኧረ አፌን ሳልሽር መርዶ አታሰሙኝ» እያለ ሲያላግጥ፣ እርስዎ ጃኬትዎን ሳያወልቁ «አልደረሰም የሚል ማሽን እኮ ጨዋ ማሽን ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ ዝም የሚለው ነው» ይሉት ነበር። ወርቅ የሆነ ትምህርት ነበር። ወርቅ ደግሞ እንደሚሸጥ ረስቼ ኖሯል።

ከዚህ ቀጥሎ ቅሬታ የሚመስሉ፣ ግን ሲታዩ ምስጋና የሆኑ ነጥቦቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. የአፈጻጸም ምዘና የሚባለው ነገር ከበላይ በወረደ ጊዜ፣ ከመመዘኛዎቹ አንዱ «የስህተት መልእክቶችን ብዛት መቀነስ» የሚል ነበር። ብዛቱን የሚቀንስ አንድ መንገድ አውቅ ነበር፤ ያረጁትን ኬብሎች መቀየር፣ የተዛቡትን አድራሻዎች ማስተካከል፣ ጉልበትን አቧራ ላይ አስደግፎ ከየጠረጴዛው ሥር መግባት። እርስዎ ግን በዳይሬክተርነት ዐይን አይተው አጭሩን መንገድ አገኙት። የኔትወርኩ በር ጠባቂ የሆነው ፋየርዎል «አልደረሰም» የሚለውን መልእክት ከየትም ወደየትም እንዳያሳልፍ አዘዙና ነገሩ በአንድ ቀን ተፈጸመ። በማግስቱ ጠዋት በሩን ከፍቼ ሳነብ ቆጠራው ዜሮ ነበር። ኬብሎቹ ያው እንዳረጁ ናቸው፣ አድራሻዎቹም እንደተዛቡ፤ በሆስፒታላችን ግን ሳይደርስ የሚቀር ነገር ጠፋ። ትኩሳትን ቴርሞሜትር በመስበር የሚያድን ሐኪም እዚህ ግቢ ባለመኖሩ እስከዛሬ ተጎድተናል።

አልተቃወምኩም እንዳይሉኝ፣ ተቃውሜ ነበር። እርስዎም ትከሻዬን መታ አድርገው «ለደኅንነት ነው እታለም፤ ሰርጎ ገቦች መንገዳችንን የሚያጠኑት በነዚህ መልእክቶች ነው። ምዘናው ይለፍና እኔው ራሴ እመልሰዋለሁ» አሉኝ። ግማሹ እውነት ስለነበረ ሙሉውን አመንኩት። እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ ይባል የለ።

፪ኛ. ስለ ምስክር ወረቀቱ ነው። ክፍላችን «ከስህተት ነጻ» ተብሎ በአዳራሹ ሲሸለም፣ እርስዎም በዚያ ባማረ ሰማያዊ ሱፍ ወጥተው ሲቀበሉ፣ እኔ ተቀምጬ ባለቤቴ ግን ቆሞ አጨብጭበንልዎታል። ከጎኑ ለነበረው የራጅ ባለሙያ «የኛ ሰው እኮ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህን ማንሣቴ ጭብጨባውን እንዲመልሱልን አይደለም።

፫ኛ. እኔ የክትትል ዘገባዬን በየሳምንቱ ሳቀርብ፣ ከዜሮው ሥር አንድ መስመር እጨምር ነበር፦ «ቁጥሩ ዜሮ የሆነው መልእክቱ በፋየርዎል ስለታገደ ነው እንጂ ሳይደርስ የቀረ ነገር ስለሌለ አይደለም።» ዘገባው በእርስዎ ቢሮ በኩል አልፎ ሲወጣ መስመሯ የለችም። ዜሮው አለ፤ ከግርጌ ስሜና ፊርማዬ አሉ፤ መስመሯ ብቻ የለችም። በመጀመሪያ ጸሐፊዋ ገጹ ስላልበቃት መስሎኝ ፊደሉን አሳንሼ ጻፍኩ። እንደገና ጠፋች። ስጠይቅዎ ከስልክዎ ቀና ሳይሉ «ዘገባ ሲያጥር ነው የሚነበብ» አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ እንዴት ተደርጎ እንደተነበበ ወረድ ብዬ እገልጻለሁ።

፬ኛ. ይህኛውን በወግ መጻፍ ያቅተኛል፤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የቀዶ ሕክምና ተኝቶ መታከሚያው ወደ አዲሱ ሕንፃ ሲዛወር ውጤት የሚቀበለው ኮምፒዩተር አዲስ አድራሻ ተሰጠው፤ ለላቦራቶሪው ሰርቨር ግን ማንም አልነገረውም። ሰርቨሩ ውጤቱን ወደ ድሮው አድራሻ መላኩን ቀጠለ። በደጉ ዘመን ቢሆን «አልደረሰም» የሚለው መልእክት ወዲያው ይመለስና ላቦራቶሪው ስክሪን ላይ ቀይ መስመር ይወጣል፤ ባለቤቴም ውጤቱን አትሞ፣ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ በእግሩ ይዞት ይሄዳል። ነርሶቹ «ፖስተኛው» የሚሉት ለዚሁ ነው። እርስዎ ግን መልእክቱን ዝም አሰኝተውታልና ስክሪኑ አረንጓዴ ነበር፤ «ተልኳል» ይላል።

ከተኙት አንዷ እግሯ ላይ ያለ ቁስል ያመረቀዘባት ልብስ ሰፊ ነበረች። የሚጠበቀው ውጤት ለቁስሏ የቱ መድኃኒት እንደሚሠራ የሚናገር ነው። እስከዚያው የሚሰጣት የማይሠራው ነበር። ነርሷ ላቦራቶሪው ገና አልጨረሰም ብላ ጠበቀች፤ ባለቤቴ ሐኪሙ አይቶታል ብሎ ወደ ሌላ ሥራው ዞረ። ነርሷ ኋላ ስትደውል ስልኩን ያነሣው ተረኛ ስክሪኑን አይቶ «ተልኳል ይላል እኮ» አላት፤ እሷም የራሷን ማሽን ወቅሳ ጠበቀች። ሁለቱም አልዋሹም። ውጤቱ በሰው እጅ ተፈልጎ በተገኘ ጊዜ የሴትዮዋ እግር ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ተቆርጦ ነበር። የስፌት መኪናዋ በእግር የሚረገጥ ነው።

ልጠይቃት ሄጄ ነበር። እህቷ ኮሪደሩ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ነጭ ለባሽ እየያዘች «ማን ነው ውጤቱን የያዘባት? ማን እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ» ትላለች። ልብስ ሰፊዋ ራሷ ግን ረጋ ብላ ነርስ መሆኔን ጠየቀችኝ። ኮምፒዩተር ላይ ነው የምሠራው አልኳት። «ጥሩ ሥራ ነው፤ ተቀምጠሽ ነው አይደል የምትሠሪው?» አለችኝ፤ ከአንጀቷ ነው ያለችኝ። አዎ ብያት ወጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ሰውነቴ አይቀመጥም።

፭ኛ. ሆስፒታሉም ለእህትየው ጥያቄ መልስ አስፈለገው፤ መልሱንም ያዘጋጁለት እርስዎ ነዎት። እነሆ ቃልዎ፦ «በተጠቀሰው ሳምንት በኔትወርኩ ላይ አንድም ያልደረሰ መልእክት አልተመዘገበም። በመሆኑም የላቦራቶሪ ባለሙያው ውጤቱን ሳይልክ የ‹ተልኳል› ምልክት አድርጓል ተብሎ ይገመታል።» እንደ ማስረጃም የእኔን ዘገባ አያያዙ፤ አጭሩን፣ የሚነበበውን።

ኮሚቴው እኔን የጠራኝ ፊርማዬን እንዳረጋግጥ ብቻ ነበር። ሰብሳቢው ወረቀቱን ገፋ አድርገው «ያንቺ ነው አይደለም?» አሉኝ። የእኔ ነው፣ ግን ከሥሩ የተቆረጠ መስመር አለ ብዬ ሳልጨርስ፣ «ልጄ፣ ሚስት ለባሏ ብታስተባብል አይፈረድባትም» ብለው በአባትነት ፈገግ አሉ። ስለዚህ ስፈርም ባለሙያ፣ ሳስረዳ ሚስት ሆኜ ተመልሻለሁ። ባለቤቴን የሚያስከስሰው ወረቀት በሚስቱ እጅ የተጻፈ እንዲሆን ማሰብ ቀላል ችሎታ አይደለም። ደመኛ እንኳ ይህን ያህል አይለፋም፤ ይህን የሚያውቅበት ቤተኛ ብቻ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ የሰማሁት ገና ልጅ ሳለሁ ነው፤ ስለ ፈረስ ይመስለኝ ነበር።

አላወቁም እንዳልል፣ ማወቅዎን ራስዎ አሳይተውኛል። ምስክርነቱን በፈረሙ ማግስት ወደ ምድር ቤት ወርደው፣ ለብዙ ጊዜ ያልተቀመጡበት የድሮው ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው፣ በፋየርዎሉ የታሰረውን መልእክት በገዛ እጅዎ ፈቱት። «በቃ፣ የደኅንነቱ ነገር ተስተካክሏል» ብለው ወጡ። ጠዋት እንደ ሥርዓታችን በሩን ከፍቼ ቆጠራውን ጮክ ብዬ ሳነብ ቁጥሩ ተቆልሎ ነበር፤ የታገደው ሁሉ ባንድ ሌሊት አንደበት አገኘ። ኬብል ዘርጊው አላላገጠም። ባርኔጣውን እያሻሸ «እንዲህ ሆኖ ነው የከረመው?» ብቻ አለ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ሰው ይሳሳታል፤ ምዘና ያስፈራል፤ ሹመት ያዘናጋል። መልእክቱን ስላገዱት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ ሳይለጠፍ በእጅዎ ብቻ ደርሶ በቀረ ነበር። እኔን የቆረጠኝ ሌላ ነው። ባለቤቴ ያን ውጤት እንደማይደብቅ፣ ሳይልክ «ልኬአለሁ» እንደማይል፣ ሐሰት የማይዋጥለት ሰው መሆኑን ከዚህ ግቢ ሰው ሁሉ አብልጠህ የምታውቀው አንተ ነህ። እያወቅህ ነው የጻፍከው። ይቅርታ፣ እያወቁ ነው የጻፉት።

፮ኛ. ቁጥሩ እንዳይጎድል ያህል ነው፤ አቤቱታዬ አልቋል።

በመጨረሻ በታላቅ አክብሮት የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሐሙስ በፊት ለኮሚቴው አንዲት ዐረፍተ ነገር እንዲጽፉ፤ «ቁጥሩ ዜሮ የሆነው መልእክቱ በእኔ ትእዛዝ ታግዶ ስለነበረ ነው» የምትል። እንዳይደክሙ እኔው ጽፌልዎታለሁ፤ አጭር ስለሆነች ትነበባለች። ብትጻፍ እርስዎ ምናልባት ተግሣጽ ያገኝዎታል፣ ምናልባትም ምስክር ወረቀቱን ከግድግዳው ያወርዱታል። ባትጻፍ ባለቤቴ ከእሱ በቀር ሌላ የማያውቀውን ሙያ ያጣል፤ ልብስ ሰፊዋም እግሯን የወሰደባት እሱ እንደሆነ አምና ትኖራለች። ሚዛኑን ለእርስዎ ትቻለሁ፤ ከምዘና ጋር መቼም አይተዋወቁም አይባልም።

ይህን ደብዳቤ የምለጥፈው በውስጥ በኩል የላክኋቸው ማመልከቻዎች ምን እንደገጠማቸው ስላላወቅሁ ነው። ደርሰው እንደሆነ አልተነገረኝም፤ አለመድረሳቸውም አልተነገረኝም። ቢሮዎ ያው እንዳስተማሩኝ የሚያስፈራው ዓይነት ሆኗል።

ዕድሜና ጤና ሰጥቶዎ፣ ሹመትዎን አደላድሎ፣ ስብሰባዎን አሳጥሮ፣ አንድ ቀን ደግሞ ደረጃውን ወርደው ዐይኔን ለማየት የሚበቃ ወኔ እንዲያድልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ላስተማሩኝ ሁሉ፣ ላስረሱኝም ሁሉ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የጠረጴዛ ተጋሪዎ፣
ሚዜ ሆነው የዳሩኝ ሙሽራ፣
በእርስዎ ትእዛዝና በገዛ ፊርማዋ የዜሮው ባለቤት
የኔትወርክ ክትትል ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው (ከተቆረጠችው መስመር ጋር)
ለሠራተኞች መመገቢያ ክፍል ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለልብስ ሰፊዋና ለእህቷ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ አዲሱ ሕንፃ (በሰው እጅ)
ለባለቤቴ፣ እቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የመጨረሻውን ግልባጭ ከመስጠት ይልቅ ራሴ አነበብኩለት። ክሱ ላይ «የክፍሉ ማስረጃ» ይላል እንጂ ስም ስለሌለበት፣ እኔም አንደበቴ እምቢ ስላለኝ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ እንደሚባለው ማን እንደመሰከረበት እስከዚያች ሰዓት አያውቅም ነበር። ለኮሚቴው ያስመዘገበው የመከላከያ ምስክር አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እርስዎ ነዎት። ያነበብኩለት ስምዎን እንዲያሰርዝ ነበር። የወንበር እግር እያጠበቀ እስከ መጨረሻው ሰማኝና «አላሰርዝም። ይምጣ። እኔን አጠገቡ አስቀምጦ ያንን ቃል መድገም ከቻለ፣ እኔም ጥፋተኛ ነኝ ብዬ እፈርማለሁ» አለኝ። ቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው፤ ሸሚዙን ከአሁኑ ተኩሶ ሰቅሎታል። እኔን የሚያስፈራኝ እርስዎ መቅረትዎ አይደለም። መምጣትዎ ነው። እሱን አውቀዋለሁና፣ ገና በሩ ላይ ሲያይዎ ከተከሳሽ ወንበሩ ተነሥቶ ያቅፍዎታል።